ጊዜ በበርሜል፣ ጊዜ በእጅ

ድሬዳዋ ውስጥ ቡና ወደሚዘጋጅበት መጋዘን የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀበለው ሽታ ነው፤ ገና እሳት ያልነካው ቡና የሚያወጣው፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ሽታ። ለቃሚዎቹ ሴቶች ከፊታቸው የተዘረገፈውን ፍሬ በጣታቸው እየገፉ ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ተባይ የበሳውን ነቅሰው ያወጣሉ። የሚቀረው ወደ ቢጫነት የሚያደላ ፍሬ ነው። ቀማሾች የሐረርን ቡና ሲገልጹ ደጋግመው ከወይን ጠጅ ጋር ማመሳሰላቸው እንዲያው የመጣ አይመስለኝም። ቡናው ሳይታጠብ ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ ስለሚሰጣ፣ በልጣጩ ውስጥ ያለው ስኳር ፍሬው እስኪደርቅ ድረስ ቀስ በቀስ ይብላላል። ወይን ጠጅም የሚወለደው ከመብላላት ነው።

ይህን ዝምድና ጥቂት ብንከተለው በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን ወደምትገኘው ፒየሞንቴ ያደርሰናል። እዚያ፣ ላንጌ በሚባሉት ኮረብታዎች ላይ፣ ኔቢዮሎ ከተባለ የወይን ዘር ባሮሎ የሚሰኘው ቀይ ወይን ጠጅ ይጠመቃል። ኔቢዮሎ ዘግይቶ የሚበስል ፍሬ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀመው በመከር ማብቂያ፣ ጉም ኮረብታውን መሸፈን ሲጀምር ነው። ጠጁ ገና ለጋ ሳለ የጠጣው ሰው ምላሱ ጭምድድ ይላል፤ ታኒን የሚባለውን አኮማታሪ ነገር አብዝቶ ይዟልና። ያንን የሚያለዝበው በዋነኛነት ጊዜ ነው። ስለዚህም ሕጉ ራሱ መታገሥን ይደነግጋል፦ ባሮሎ ለመባል ቢያንስ 38 ወራት መቆየት፣ ከእነዚህም 18ቱን በእንጨት በርሜል ማሳለፍ አለበት፤ «ሪዘርቫ» ለመባል ደግሞ 62 ወራት። ይሁንና ደንቡ ከአፈሩ የበቀለ አይደለም። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ እ.ኤ.አ. ወጣቶቹ ጠማቂዎች ትንንሽ አዳዲስ በርሜሎች ሲያስገቡ፣ ነባሮቹ በትልልቆቹ አሮጌ በርሜሎች ጸንተው ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንድ ምድር «ጣዕሙ ይህ ነው» ተብሎ የሚታወቀው፣ ሰዎቹ በዚያ ጣዕም ላይ ተጣልተውም ተስማምተውም ሲቆዩ ይመስለኛል።

የኛን ቡና በዚህ የጊዜ መስፈርት ለመመዘን ስንነሣ ግን አንድ ችግር ይገጥመናል። ቡና እንደ ባሮሎ ተቀምጦ አይሻሻልም፤ መጋዘን ውስጥ በቆየ ቁጥር መዓዛው ይሸሻል። ታዲያ የሐረር ቡና ዕድሜ የት አለ? ምናልባት ፍሬው ከመለቀሙ በፊት ነው። የሐረርጌ ገበሬ ትውልድ በትውልድ እየመረጠ ባቆየው ዘር፣ በተዳፋቱ ላይ በካበው እርከን፣ የተሰጣውን ጀንፈል መቼ ማገላበጥ፣ መቼም መሰብሰብ እንዳለበት በሚያውቅ እጅ ውስጥ ነው። በርሜል ውስጥ የሚቀመጥ ጊዜ በወር ይቈጠራል፤ ዋጋም ይተመንለታል። እጅ ውስጥ ያለው ጊዜ ግን ቈጣሪ የለውም፤ ስለዚህም ይመስላል ገዢው ሳይከፍልበት የሚያልፈው።

የቡናውን ስም በተመለከተ መንግሥታችን የታገለው ትግል አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች፤ ከተቃውሞና ከድርድር በኋላም በ2007 ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደረሰች። ጣሊያኖቹ የያዙትን ዓይነት የመልክዐ ምድር መለያ ያልመረጠችበት ምክንያት የሚናቅ አይደለም፤ በየጓሮውና በየተዳፋቱ የተበተነውን የአነስተኛ ገበሬ ማሳ ሁሉ እየዞሩ መቆጣጠር ከባድ ሸክም ነበርና። ምርጫው ግን የራሱ ጉድለት ያለው ይመስላል። የንግድ ምልክት ስሙ የማን እንደሆነ ይናገራል፤ ቡናው እንዴት መድረቅ፣ ከየትኛው ዘር መምጣት እንዳለበት ግን አይናገርም። በዚህ መካከል ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት ይተክላል። ልንወቅሰው አንችልም፤ ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቈረጣል፣ ቡና ግን ዓመት ያስጠብቃል። የላንጌው ገበሬ የሚታገሠው ትዕግሥቱ በጠርሙሱ ዋጋ ውስጥ ስለተሰላለት ነው።

ድሬዳዋ በዚህ ነገር ያላት ድርሻ ለብቻው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ተነሥቶ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ስለከበደ ከተማዋ ከሥሩ ተቆረቆረች። ቡናውን አታበቅለውም፣ ስሙም የእሷ አይደለም፤ ነገር ግን የሚመረመረው፣ ደረጃ የሚወጣለትና ለጉዞ የሚሰናዳው እሷ ዘንድ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ገበሬው፣ ነጋዴውና ቀማሹ ተቀምጠው «የሐረር ቡና የምንለው ይህንን ነው» የሚል ደንብ ሊያወጡ ቢያስቡ፣ መገናኛቸው ድሬዳዋ ብትሆን ያስኬዳል። እኔ ብጠየቅ ከአፈሩ አስቀድሜ ስለ አደራረቁ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። በሐረርጌ ያለው የገለምሶ ገበሬ ደግሞ ዘሩን ያስቀድም ይሆናል፤ ልክ የሚሆነውም እሱ ሊሆን ይችላል።