አርብ የተቀዳ ብርሃን

አርብ ፀሐይ ስትጠልቅ እስራኤል ውስጥ ሱቁ ይዘጋል፣ አውቶቡሱ ይቆማል፣ ኤሌክትሪኩ ግን አይቆምም። ማታ ማታ አብዛኛው ኃይል የሚመጣው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ተርባይን ባለበት ደግሞ ሌሊቱን ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው አለ። አገሪቱ ሲጎድላት ከሌላ አገር ኃይል የምትቀበልበት መስመር የላትም። የሚመነጨውና የሚበላው በየሰከንዱ እኩል ሆኖ መስመሩ 50 ሄርዝ ላይ መርጋት አለበት። ስለዚህ ሰንበትን በብርሃን በሚያሳልፍ ቤት ሁሉ ውስጥ ያላረፈ ሰው ድካም አለ። ይህ ተገቢ ነው ወይ? ባትሪስ መልስ ይሆነዋል ወይ? ጥያቄው ለእኔ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም፤ ኔጌቭ በረሃ ውስጥ ባለ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ በፈረቃ የምሠራ ቴክኒሽያን ነኝ።

ጣቢያችን ከፓኔሎቹ ጎን ባትሪ ተተክሎለታል። የመርከብ ኮንቴይነር የሚያካክሉ ነጫጭ ሣጥኖች በረድፍ ቆመዋል፤ ውስጣቸው ሊቲየም ነው፣ ማቀዝቀዣቸው በበጋ ቀን ከሩቅ ይሰማል። ቀትር ላይ ፀሐዩ ከሚፈለገው በላይ ሲያመነጭ ይሞላሉ፣ ሲመሽ ይሰጣሉ። ከገባው 100 ውስጥ 85 ያህሉ ተመልሶ ይወጣል፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በዓለም ላይ ይህ ሥራ ገና ልጅ ነው። ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ሆርንስዴል የተባለው ባለ 100 ሜጋዋት ባትሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲከፈት ከዓለም የሊቲየም ባትሪዎች ትልቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2024 ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ምሽት ላይ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ መስመሩን ከየትኛውም ሌላ ምንጭ በላይ የመገቡት ባትሪዎች ነበሩ።

እናቴ ጎንደር አጠገብ የአምቦበር ሰው ናት። እሷ ባደገችበት ቤት ሰንበት ጨለማ ነበር። አርብ ዳቦው ይጋገራል፣ ወጡ ይሠራል፣ ውሃው ይቀዳል፣ ሰው ሁሉ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃው ይጠፋል። የቤተ እስራኤል ቄሶች ስለ እሳት የተሰጠውን የኦሪት ትእዛዝ አጥብቀው ነበር የያዙት፤ ከሰንበት በፊት የተለኮሰ እሳት እንኳ ቤት ውስጥ አያድርም። ምግቡ ቀዝቅዞ ይበላል፣ ቡና የለም። እዚህ መጥታ ረቢዎቹ ቀድሞ የተለኮሰ ይቆይ እንደሚሉ ስትሰማ፣ የሰንበት ሻማ ሲበራ፣ ወጥ ፕላታ በሚባለው ማሞቂያ ላይ እንደሞቀ ሲያድር ስታይ ለረጅም ጊዜ አልተዋጠላትም። ስለ ባትሪው ሳስረዳት ግን ቶሎ ነው የገባት። አርብ ቀን የተጠራቀመ ከሆነ ልክ ነው፣ እንደ ውሃው ነው አለችኝ። ቀጥላም ጠየቀችኝ፦ «ታዲያ ልጄ፣ አርብ የጨረሳችሁት ከሆነ አንተ ሰንበት ሌሊት እዚያ ምን ትሠራለህ?»

እንደ ውሃው ማለቷ የራሷ ፈጠራ አይደለም። መጽሐፈ ኩፋሌ የሚዘጋው በሰንበት ሕግ ነው፤ እዚያ ከተከለከለው አንዱ በስድስተኛው ቀን ያልተዘጋጀ ውሃ መቅዳት ነው። ክልከላው መጠጣቱ ላይ አይደለም፣ መድከሙ ላይ ነው። የመናው ታሪክም ከዚህ ጋር ይሄዳል። እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ ለነገ ብለው ያሳደሩት መና ተላ፣ ሸተተ። አርብ እጥፍ ሰብስበው ለሰንበት ያሳደሩት ግን ሳይበላሽ አደረ። መናው ያው ነው፣ ዕቃውም ያው ነው። የተለየው ያደረበት ምክንያት ነው፤ አንደኛው ነገ ይጎድልብኛል ከሚል ፍርሃት አደረ፣ ሌላኛው ሰው ይረፍ ተብሎ። እኔ ማጠራቀምን በሃይማኖት ዓይን የምመዝነው በዚህ ነው። ዛሬ ባትሪ ገንዘቡን የሚያገኘው ቀትር ላይ ርካሽ ገዝቶ ማታ በውድ በመሸጥ ነው። ያንን አልኮንንም፣ ደመወዜም ከዚያው ነው። ግን ዋጋ ብቻ የሚያሰላው ኮምፒዩተር አርብንና ማክሰኞን አይለይም። የሚለየው ሰው ነው፣ ሰው መለየት አለበት።

ይህን ነገር በአደባባይ ከያዙት ሁሉ የብኔ ብራቅ ከተማ ሃይማኖተኞች ይቀድማሉ። እዚያ የኖሩትና እ.ኤ.አ. በ1953 ያረፉት ታላቁ ረቢ፣ ሐዞን ኢሽ፣ አይሁዳዊ ሰንበትን ሽሮ ያመነጨውን ኤሌክትሪክ መጠቀም አይገባም ብለው አስተማሩ። ቃላቸውን የያዙ ቤተሰቦች አርብ ማታ ከዋናው መስመር ወጥተው ወደ ሰፈር ጄኔሬተር ይዞራሉ፤ በቤቱ የራሱን ባትሪ የሚሞላም አለ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል፤ ጭሱና ጩኸቱ መስኮት ሥር ነው፣ ሽቦው ከፎቅ ወደ ፎቅ ተወጥሯል፣ አደጋም አለው። ሌሎች ብዙ ረቢዎች አይስማሙም፤ በዚያው መስመር ላይ ሆስፒታል አለ፣ ቤቱ ውስጥ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚኖር በሽተኛ አለ፣ ስለዚህ ሥራው ነፍስ ለማዳን ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 መንግሥት በብኔ ብራቅ በሥራ ቀን ተሞልቶ በሰንበት የሚሰጥ የኃይል ማከማቻ ለሙከራ እንዲሠራ ወሰነ። ወጪውን ሕዝቡ ሁሉ ለምን ይሸከማል የሚል ክርክር ወዲያው ተነሣ።

ክርክሩን ስከታተል የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። የሚፈቅደውም የሚከለክለውም የሚጠይቀው «በዚህ ብርሃን መጠቀም እችላለሁ ወይ?» ብሎ ነው። ስለ ተጠቃሚው ንጽሕና ነው የሚጨነቁት። ኦሪት ግን ሰንበትን ሲያዝ አገልጋዩን፣ በሬውንና አህያውን፣ በደጅ ያለውንም መጻተኛ በስም ጠርቶ ነው ያሳረፈው። የእናቴ ጥያቄ ወደዚያ ይሄዳል፤ ብርሃኑ ይፈቀድልኝ እንደሆነ ሳይሆን ልጄ ይተኛል ወይ ነው ያለችው።

እስቲ ይቻል እንደሆነ በቁጥር እንየው። ብዙዎቹ ትላልቅ ባትሪዎች በሙሉ ኃይላቸው ሲሰጡ አራት ሰዓት ያህል ይቆያሉ። ሰንበት 25 ሰዓት ነው፣ የታኅሣሥ ሌሊት ብቻውን 14 ሰዓት ይሆናል። በዚህ ሂሳብ ባትሪው እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ያልቅበታል። ነገር ግን ሩቡን ኃይል ብቻ ብናወጣ ያው ባትሪ 16 ሰዓት ይቆያል፤ ሌሊቱን ተሻግሮ ጠዋት ይደርሳል። ቅዳሜ ቀን ፀሐይዋ ፓኔሉ ላይ ታርፋለች፣ ማንም አያነዳትም፣ ማንም ነዳጅ አይጨምርም። ቅዳሜ ማታ ሦስት ኮከብ ታይቶ ሰንበት እስኪወጣ ደግሞ የቀረው ጥቂት ነው። ሁሉም ነገር ታዲያ በዚያች ሩብ ላይ ተንጠለጠለ። ፋብሪካውና ቢሮው ስለሚዘጋ በሰንበት ፍጆታው ድሮም ዝቅ ይላል፤ ማሞቂያና አየር ማቀዝቀዣ በየክፍሉ እንደልብ ሲሠራ ግን የትም ያለ ባትሪ አይበቃውም። እናቴ ምድጃዋን አጥፍታ የቀዘቀዘ ወጥ የበላችበት ሰንበትና ባትሪው የሚገናኙት እዚህ ነው። ጨለማ ቤት እንቀመጥ አልልም፣ አራስና ሽማግሌ አለ። ግን ምንም ሳይጎድልብን፣ ምንም ሳንቀንስ ባትሪው ብቻ ያሳርፈናል የሚል ሰው ካለ መሣሪያውን አያውቀውም።

እስከ ዛሬ መልስ ያጣሁለት ጠባቂው ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞስ ላንዲንግ በሚባል ቦታ የነበረ ግዙፍ የባትሪ ጣቢያ ተቃጥሎ ከሺህ በላይ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። የሊቲየም እሳት አንዴ ከተነሣ ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው እየዘለለ ይሄዳል፣ ውሃም በቀላሉ አያጠፋውም። የሙቀት መለኪያውን ኮምፒዩተር ያነበዋል፤ መስመሩን የሚዘጋውም እሱ ነው። ሣጥኑ ሲጤስ ለእሳት አደጋ ሠራተኛው በር የሚከፍት፣ የቱ ረድፍ እንደሆነ የሚያሳይ ሰው ግን በቦታው መኖር አለበት። ነፍስ ለማዳን ነውና ሰንበትን አያፈርስም። ይህንን እናቴም ታውቀዋለች። ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. አርብ ዕለት አዲስ አበባ የተጀመረው የሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያንን ወደ እስራኤል ሲያጓጉዝ አውሮፕላኖቹ ሰንበትን ሙሉ በረዋል። እሷ በሕይወቷ ሰንበትን የተጓዘችው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ አብራሪው በደለ ስትል አልሰማኋትም።

ስለዚህ ጠባቂ ይኑር። ግን ተርባይን የሚጠይቀውን ያህል ሰው መሆን የለበትም፣ ሁልጊዜም ያው ሰው መሆን የለበትም። ባትሪው ከተተከለ ወዲህ የእኛ የሰንበት ፈረቃ ሳስቷል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የቀረው ፈረቃ ግን በልማድ የሚሰጠው ለአዲስ ተቀጣሪ፣ እምቢ ለማለት ለሚፈራና «የእኛ ሃይማኖት አይደለም» ለሚባልለት ባልደረባ ነው። አብሮኝ የሚሠራ የቤዱዊን ልጅ አለ፤ አርብ ቀትር ለጁምዓ ሰላት ሲሄድ ቦታውን እይዝለታለሁ፣ እሱም የሚችለውን ያደርግልኛል። ይህ በሁለታችን መግባባት የቆመ ነው፣ ደንብ የለውም። ለብኔ ብራቅ የተወሰነውን ማከማቻ ረቢዎቹ መርምረው ሲያጸድቁ፣ የእኛም ቄሶች ሲጠየቁ፣ ከባትሪው ጋር የፈረቃውን ዝርዝር አስቀርበው እንዲያዩ እለምናለሁ፦ ሰንበት ሌሊት ማን ይጠብቃል፣ ስንት ጊዜ ይደርሰዋል፣ የእሱስ የእረፍት ቀን መቼ ነው?