በራስ መታመንና ትዕቢት በፈተና ወንበር ላይ

ሰው ስለ ሌላው ሲናገር አንደበቱ ይፈታል፤ ስለ ራሱ ተናገር ሲባል ግን ወይ ይተሳሰራል፥ ወይ ልጓሙን ይበጥሳል። ይህ የሰው ጠባይ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም፥ በዘመናችን የብዙ ወጣቶችን እንጀራ የሚወስን ነገር ሆኗል። ይኸውም ሥራ ፈላጊ ሁሉ በቃል ፈተና ወንበር ላይ ተቀምጦ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ግዴታው ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፥ ሰው ትዕቢተኛ ሳይሆን፥ ትዕቢተኛም ሳይመስል፥ በራሱ የሚታመን ሆኖ ሊታይ የሚችለው እንዴት ነው የሚለውን ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የአነጋገር ብልሃት ይመስላል፤ ጠልቀው ሲመረምሩት ግን የእውነትና የሐሰት ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

ማለዳ በጅማ መንገድ ከሰበታ ወደ ዓየር ጤና፥ በአምቦ መንገድ ከቡራዩ ወደ አስኮ፥ በጎጃም መንገድ ከሱሉልታ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ የሚጓዘውን ሕዝብ ያስተዋለ ሰው፥ በታክሲው ውስጥ ጫማውን አስወልውሎ፥ የትምህርት ማስረጃውን በፕላስቲክ ማኅደር ይዞ፥ መልሱን በከንፈሩ የሚያነበንብ ወጣት አያጣም። የታክሲው ሒሳብ ከጎረቤት የተበደረው ሊሆን ይችላል፤ ማታ ሲመለስም «እንዴት ሆነ?» ብላ የምትጠብቀው እናት አለችው። እነዚህ ሦስት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ፥ በፋብሪካውም በመኖሪያ ቤቱም ብዛት ከአዲስ አበባ ጋር የተያያዙ ናቸው። ይሁን እንጂ በብዙው ቤት ውስጥ የልጆች አስተዳደግ የቀድሞውን ሥርዓት አለቀቀም። ልጁ ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫው ይነሣል፤ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ ታላቁን በአክብሮት ቃል ያነጋግራል፤ ሲመክሩት ዓይኑን ይሰብራል፤ «ሙያ በልብ ነው» እየተባለም ያድጋል። በፈተናው ቀን ደግሞ በታላላቆቹ ፊት ቀርቦ፥ ዓይናቸውን እያየ፥ በልቡ የያዘውን ሙያ ሁሉ በጠረጴዛ ላይ እንዲዘረጋው ይጠየቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ ነውር ነው የተባለውን በሃያ ደቂቃ ውስጥ እንዲፈጽመው ይጠበቃል ማለት ነው።

የዚህን ነገር ክብደት ያወቅነው በገዛ ስሕተታችን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የቅጥር ኮሚቴ አባላት ጋር ተቆጥረን ለሒሳብ ሠራተኛነት ተወዳዳሪዎችን ስንፈትን፥ ከቡራዩ የመጣ አንድ ወጣት ቀረበ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ዓይኑንም ከጠረጴዛው አላነሣም። ቀድሞ ይሠራበት ስለ ነበረው መጋዘን ስንጠይቀው «ከጓደኞቼ ጋር እንደ ምንም ሠርተናል» ብሎ ዝም አለ። ከእርሱ ቀጥሎ የገባው ግን ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና፥ የማያውቀው የሒሳብ ዓይነት እንደሌለ፥ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱም ያለ እርሱ እንደማይቆም አስረዳን። እኛም ለመጀመሪያው «ድፍረት ይጎድለዋል» ብለን ጽፈን ሁለተኛውን መረጥን። የዓመቱ ሒሳብ በሚዘጋበት ወር የመረጥነው ሰው መዝገቡን ማስታረቅ አቅቶት ስንቸገር፥ ያ የቡራዩ ልጅ የመጋዘኑን መዝገብ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ አንዳች ጉድለት የያዘው ብቻውን እንደ ነበረ ከቀድሞ አለቃው አፍ ሰማን። «ጓደኞቼ» ያላቸው ዕቃ የሚያወርዱትን ወዛደሮች ኖሯል።

ጥፋቱ የማን ነበር? ለሦስት እናካፍለው ብንል እውነት ይሆናል። አንደኛው የሌለውን ጨመረ፤ ሌላው ያለውን ደበቀ፤ እኛ ደግሞ ድምፅን ከዕውቀት፥ ድፍረትንም ከችሎታ ሳንለይ ፈረድን።

ያገራችን ተረትና ምሳሌ በዚህ ነገር ላይ ሁለት ወገን ሆኖ ይሟገታል። በአንድ ወገን «ዝም አይነቅዝም» ይላል፤ በሌላው ወገን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። ሁለቱንም ያወጡት እነዚያው አባቶች ናቸውና፥ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይገባም። በቀድሞው ዘመን ሹመት ፈላጊ ደጅ ይጠና ነበር። ወራትም ዓመታትም በጌታው ግቢ ይውላል፤ ጌታውም ትዕግሥቱንና ጠባዩን ቀስ ብሎ ይመለከታል። ደጅ ጥናት ብዙ ውርደትና ብዙ አድልዎ የነበረበት ስለ ሆነ ይመለስልን አንልም። ነገር ግን ሰውን ለማወቅ ጊዜ ይፈጅ እንደ ነበር መካድ አይቻልም።

በግብር አዳራሽ ደግሞ ጀግናው ተነሥቶ ይፎክራል፤ የወጋውን፥ የማረከውን፥ የዋለበትን ሜዳ በስም እየጠራ ይቆጥራል። ይህን ሕዝብ ስለ ራሱ መናገር አያውቅም የሚሉት ሁሉ ፉከራን የዘነጉ ናቸው። ስለ ራሱ የሚናገረው ሰው ያን ጊዜ ያልተነቀፈው ስለ ምን ነው? አብረውት የዘመቱት በዚያው አዳራሽ ተቀምጠው ስለሚሰሙት ነው። ያልሠራውን ቢጨምር የሚያሳፍረው ምስክር በአጠገቡ አለ። እንግዲህ ስለ ራስ መናገርን የሚያስነውረው መናገሩ ሳይሆን ምስክር ማጣቱ እንደ ሆነ ከዚህ እንማራለን።

ቃላቱን ራሳቸውን ብንመረምር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። «ትዕቢት» ከግእዙ «ዐብየ» የወጣ ሲሆን፥ ትልቅ መሆንን ያመለክታል። «ትሕትና» ደግሞ «ታሕት» ከሚለው፥ ማለት ከታች፥ ጋር የተዛመደ ነው። አንዱ ወደ ላይ ይለካል፥ አንዱ ወደ ታች ይለካል፤ ሁለቱም ግን ከፍታን ይለካሉ፤ ከፍታን የሚለካ ሰውም ከእገሌ በላይ ነኝ፥ ከእገሌ በታች ነኝ ማለቱ አይቀርም። «መታመን» ግን ከ«አመነ» የወጣ ነው፤ ከፍታን ትቶ «ይህን ሸክም ልትሸከመው ትችላለህን?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ በራሱ የሚታመን ሰው ማንንም ሳያሳንስ፥ ራሱንም ሳያሳንስ፥ የሚችለውን እችላለሁ፥ የማይችለውን አልችልም ሊል ይችላል። ትዕቢተኛ ግን «አላውቅም» የሚለውን ቃል አይደፍረውም፤ ስለዚህ ሁለቱን ለመለየት ከሁሉ የሚቀርበው መፈተኛ ይህ ቃል ይመስለናል።

የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትልም ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ በአራተኛው ክፍል ስለዚሁ ነገር መርምሯል። የሌለውን አለኝ የሚለውን ትምክሕተኛ በአንድ ዳር፥ ያለውን የለኝም የሚለውን በሌላው ዳር አቁሞ፥ እውነተኛውን ሰው በመካከላቸው አስቀምጦታል። ከዚህም አልፎ፥ ከልክ ያለፈ ራስን ማሳነስ እርሱም ራሱ አንድ ዓይነት ትምክሕት መሆኑን አመልክቷል። እኛ «ምንም አላውቅም፤ ከእናንተ እማራለሁ» የሚለውን መልስ ሁልጊዜ ትሕትና ብለን ስንቀበለው የኖርነው ሰዎች ይህን ልናስብበት ይገባናል።

ወደ ሱሉልታ መለስ ብንል ከዚህ የተሻለ አስተማሪ እናገኛለን። ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ሜዳ ላይ ማለዳ የሚለማመዱት ሯጮች ስለ ችሎታቸው ቢጠየቁ የሚሮጡትን ርቀትና የገቡበትን ሰዓት ይናገራሉ። ሰዓቱን የለካው ሌላ ስለ ሆነ፥ ማንም ተመጻደቁ አይላቸውም። በዚያው በሱሉልታ የመሮጫ ሜዳ ያሠራው ቀነኒሳ በቀለ መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም. የበርሊንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ፈጸመ፤ ለዓለም ክብረ ወሰን የቀረው 2 ሴኮንድ ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር ማንም ወደ ላይ ሊያጠጋጋው አይችልም፤ ወደ ታችም ሊያወርደው አያስፈልግም። ልክ የሆነ ነገር እብሪትም ልመናም የለበትም።

እንግዲህ ያ የቡራዩ ወጣት ምን ሊለን ይገባው ነበር? «የመጋዘኑን የገቢና የወጪ መዝገብ ሁለት ዓመት ይዤ ነበር፤ በየወሩ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ ዕቃውና መዝገቡ ይገጥም ነበር፤ ዕቃውን የሚያወርዱት ጓደኞቼ በትክክል ባይነግሩኝ ኖሮ ይህ ባልሆነም ነበር፤ የግብር ሒሳብ ግን ሠርቼ አላውቅምና መማር እፈልጋለሁ» ቢል ኖሮ፥ በዚህ መልስ ውስጥ ትዕቢት የት ይገኛል? ሥራው ተነግሯል፤ ምስክሩ ተጠርቷል፤ የባልንጀሮቹ ድርሻ አልተሰረቀም፤ ጉድለቱም አልተሸሸገም። ድምፁ ዝቅ ቢልም፥ ዓይኑ ቢሰበርም፥ ቃሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህን ለመናገር አዲስ ጠባይ መልበስ አያሻም፤ ሥራን ቀደም ብሎ በልብ ቆጥሮ መሄድ ይበቃል። ደግሞም «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንደሚባለው ለገዛ ራሳችን አብልጠን መቁረስ ልማዳችን ነውና፥ ቆጠራው ሲደረግ «አብሮኝ የሠራው ሰው በዚህ ወንበር አጠገብ ተቀምጦ ቢሰማኝ ይህንኑ እላለሁን?» ብሎ ራስን መጠየቅ መልካም ነው።

ከፈተናው በኋላም ሌላ ፈተና አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአዲስ ተቀጣሪ እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። በወንበሩ ላይ የተነገረው ሁሉ በእነዚህ ቀናት ሒሳቡ ይወራረዳል። ስለ ራሱ የተናገረው ሰው ዕዳ እንደ ገባ ሊቆጥረው ይገባዋል፤ ከዐቅም በላይ መበደርም እንዴት እንደሚያሳፍር የታወቀ ነው።

ይህን ሁሉ በተፈታኙ ላይ ብቻ ጭነን ብናልፍ ግን ፍርዳችን ይጎድላል። ትዕቢት በጠረጴዛው በወዲያኛው ወገንም ሊቀመጥ ይችላል። «ዓይን ለዓይን ካላየን አይተማመንም» የሚል ፈታኝ ካለ፥ በሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት መኖሩን ያስታውስ። ከዚያ ተምሮ የወጣ ዓይነ ሥውር ሥራ ፈላጊ በምን ዓይኑ አይቶት ነው የሚያምነው? የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በቅጥር አድልዎ እንዳይፈጸምባቸው ይከለክላል፤ ነገር ግን ፈታኙ በራስ መታመንን በዓይን አስተያየት የሚለካ ከሆነ ሕጉን ሳይታወቀው ይተላለፈዋል። እንደዚሁም በቤቱ ኦሮምኛ፥ በገበያው አማርኛ፥ በትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ሲናገር ያደገ ልጅ በሦስተኛው ቋንቋ ሲጠየቅ ቢንተባተብ፥ ቋንቋው አነሰው እንጂ ዕውቀቱ አነሰ ማለት አይደለም። ፈታኝ የሆነ ሰው «ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ከማለት ይልቅ «ምን ሠራህ? እንዴትስ ሠራኸው? ያቃተህ ምን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ዝምተኛውም አፉን ይፈታል፤ ተመጻዳቂውም ይታወቃል።

ምናልባት አንባቢያችን «እውነተኛው ይናገር ትላላችሁ፤ ቦታውን የሚያገኘው ግን ያው ተመጻዳቂው ነው» ይለን ይሆናል። ሊያገኝ እንደሚችልማ በገዛ እጃችን መርጠነው አይተናል፤ አንክድም። የቤት ኪራይ የሚጠብቀውን ወጣትም በባዶ ምክር ልንሸነግለው አንፈልግም። ሆኖም ምክራችን ይዘህ ዝም በል የሚል አይደለም። ያለህን አንዲት ሳታስቀር ተናገር፥ የሌለህን አንዲት አትጨምር ነው የምንለው። ይህን አድርጎ ያልተመረጠ ሰው በዚያ ቀን ቦታውን አጥቶ ይሆናል፤ ማታ ወደ ሰበታ ወይም ወደ ሱሉልታ ሲመለስ ግን ለምትጠብቀው እናቱ የተናገረውን ቃል ለቃል ሊነግራት ይችላል።

እኛም ያን የቡራዩ ወጣት ሁለተኛ አላገኘነውም። ከዚያ ወዲህ በፈታኝነት በተቀመጥን ቁጥር ዓይኑን የሰበረ ሰው ሲገባ፥ ብዕራችንን አስቀምጠን አንድ ጥያቄ እንጨምራለን፦ «ጓደኞቼ ያልካቸው እነማን ናቸው? ያንተስ ድርሻ የቱ ነበር?»