ሐረግ ስለ ወጣበት አሮጌ ቤት

የወንድሙን ጥፋት አይቶ ዝም የሚል ሰው ወንድሙን እንደማይወድ ታውቃለህ። ነገር ግን ጥፋቱን አርቃለሁ ሲል ወንድሙን ራሱን የሚያፈርስም ሰው አለ፤ እርሱም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከደጋጎቹ መካከል ነው። ይህን ለማስረዳት ከእንግሊዝ አገር ግንበኞች ሥራ አንድ ምሳሌ አመጣለሁ።

በዚያ አገር አይቪ የሚሉት፥ ክረምት ከበጋ ቅጠሉ የማይረግፍ ሐረግ አለ። በአሮጌ ቤት ግንብ ሥር ይበቅልና ከግንዱ በሚወጡ እንደ ጠጕር በቀጠኑ ሥሮች ድንጋዩን እየያዘ እስከ ጣራው ይወጣል። ቻርልስ ዳርዊን የተባለው ሊቅ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1875 ዓመት በመጽሐፍ ባሳተመው ድርሰቱ፥ እንዲህ በሥራቸው እየያዙ የሚወጡትን ተክሎች ለብቻ መድቦ ጽፎላቸዋል። ሥሮቹም እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነገር ያፈልቃሉ። ለዓይን ግን ሐረጉ እጅግ ያማረ ነው፤ ቤቱንም የከበረ ያስመስለዋል።

ከዕለታት አንድ ቀን የቤቱ ጌታ ሐረጉ ከጣራው በታች ገብቶ ክዳኑን ሲያነሣ ባየ ጊዜ ይቈጣል። ወዲያው በሁለት እጁ ጨብጦ ይስባል። ሐረጉ ይመጣል፥ ነገር ግን ብቻውን አይመጣም። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው አሮጌ ኖራ አብሮ ይራገፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ድንጋዩ ራሱ ተነቅሎ ይወድቃል። ሐረጉ በብዙ ዘመን ያላደረሰውን ጕዳት ጌታው በአንድ ጠዋት አደረሰው።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ አያደርግም። አስቀድሞ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ወራት እስኪያልፍ ይታገሣል። ከዚያም ጓንት ያጠልቃል፥ የሐረጉ ጭማቂ ቆዳን ያሳክካልና። ግንዱን ከመሬት አጠገብ በመጋዝ ይቈርጠዋል፤ ሁለቱ ጫፎች እንዳይገናኙም ከመካከል አንድ ስንዝር ያህል ያወጣል። ይህን ካደረገ በኋላ ወደ ቤቱ ይገባል። ቅጠሉ እስኪደርቅ፥ ሥሮቹም ኰማትረው መያዝን እስኪተዉ ድረስ ወራት ያልፋሉ። በዚህም ጊዜ መንገደኛ ሁሉ ቤቱን እያየ ምን ያህል ከፋ ይላል፤ የደረቀ ሐረግ ከለመለመው ይልቅ ያስጠላልና። ጊዜው በደረሰ ጊዜ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ያወርደዋል። ወፍራም ግንድ በድንጋዮች መካከል ገብቶ ቢያገኝ አይስበውም፤ በዚያው ቈርጦ ግንበኛ ይጠራል እንጂ።

ይህ ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በጎንደር የፋሲልን መዋኛ ቅጥር ያየ ሰው የዛፉ ሥር ድንጋዩን እንዴት እንዳቀፈው ያውቃል፤ የትኛው የትኛውን እንደያዘ ለመለየት ያስቸግራል።

ጌታችን ስለ ስንዴውና ስለ እንክርዳዱ በተናገረው ምሳሌ ባለቤቱ አገልጋዮቹን የከለከላቸው ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ፈርቶ ነበር። ነገር ግን ይህን ምሳሌ ለስንፍናው መሸሸጊያ የሚያደርግ ሰው እንዳይኖር እፈራለሁ። መጋዙ ዛሬ ይነሣ፤ የሚዘገየው መሳቡ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2010 ዓመት ባወጡት ምርመራ፥ ሐረጉ ደኅናውን ግንብ ከውርጭና ከፀሐይ ትኵሳት እንደሚከልለው፥ የሚጎዳው ግን አስቀድሞ የተሰነጠቀውን መሆኑን ገልጠዋል። እንግዲህ ሐረጉ ከወረደ በኋላ ስንጥቁ ቀርቷል ማለት ነው። ያንንም በስሚንቶ የሚደፍን ሰው ይሳሳታል፤ ስሚንቶ ከአሮጌው ድንጋይ ይልቅ ይጠነክራልና እርጥበቱን በውስጥ አስቀርቶ ድንጋዩን ያፈርሳል። የሚሻለው ቀድሞ የተገነባበት ለስላሳ ኖራ ነው።

አንድ አባት አውቃለሁ። ልጁ ከትምህርት ቤት ፈተና ወድቆ ከወጣ በኋላ መጠጥ ጀመረ። አባትየው ጸሎተኛና ሐቀኛ ሰው ነበረና ይህን ሊታገሥ አልቻለም፤ አንድ ማታ ጎረቤት እየሰማ ሰድቦ ከቤት አስወጣው። መጠጡ ግን አልተወም። ከእርሱ ጋራ የተነቀለው ልጁ ለአባቱ የነበረው አክብሮት ነው፤ እሑድ እሑድም ከእናቱ ጋራ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄዱ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ አባትየው ለሚጠይቀው ሁሉ፥ እኔ የሚገባኝን አድርጌአለሁ እያለ ይመልስ ነበር። ሰውም ያመሰግነው ነበር፤ እኔም አንዱ ነበርሁ፥ ዛሬ ግን አፍርበታለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ለፋሲካ ሽማግሌ ሳይልክ ራሱ ሄደ። ልጁ በሩን ሲከፍት የመጠጥ ሽታ ነበረበት። አባትየው ስለዚያ አንድ ቃል አልተናገረም። ሚስቱ ያዘጋጀችውን አገልግል አስቀምጦ ከልጁ አጠገብ በመደቡ ላይ ተቀመጠና፥ ልጄ ሆይ፥ በፈተናው የወደቅህበትን ቀን ያን ጊዜ አልጠየቅሁህምና አሁን ንገረኝ አለው። ልጁም ብዙ ዝም ካለ በኋላ ጀመረ፤ እስኪመሽም ድረስ ነገረው።