ኩባንያ ያምናል ወይ?

አማርኛ ለሃይማኖትና ለችሎት አንድ ግስ ሰጥቷል። ሰው በፈጣሪው ያምናል፤ ዕዳውንም ያምናል። ሃይማኖቱን የተወውም፣ ብድሩን የሸሸገውም «ካደ» ይባላል። ታዲያ ግማሹን አምኖ ግማሹን የሚክድ ተከሳሽ ምን ይባላል? ያ ተከሳሽ ደግሞ በመዝገብ ላይ ብቻ የተወለደ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ ሲሆንስ?

ለንደን ውስጥ እንጀራ እየጋገረ የሚያከፋፍል አንድ ኩባንያ አለ እንበል። የጤፍ ዱቄት አቅራቢው 8,000 ፓውንድ ክፈለኝ ብሎ ከሶታል። 5,000ው ዕዳው እንደሆነ ኩባንያው ያውቃል፤ 3,000ው ግን እርጥበት ገብቶት የተጣለ ዱቄት ዋጋ ነውና አልከፍልም ይላል። የእንግሊዝና የዌልስ ሥነ ሥርዓት ዝርዝር ክሱ ከደረሰው በኋላ 14 ቀን ይሰጠዋል፤ ክሱ እንደደረሰው ለፍርድ ቤቱ ካስታወቀ ቀኑ 28 ይሆናል። የሚሞላው ሁለት ቅጽ ነው፤ ባንዱ ያመነውን፣ በሌላው የካደውን ይጽፋል። «አላምንም» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ለምን እንደካደ መዘርዘር አለበት። መልስ ሳይሰጥበት በዝምታ ያለፈው ፍሬ ነገር በአብዛኛው እንዳመነው ይቆጠራል።

የማመኛው ቅጽ ለማን ታስቦ እንደተዘጋጀ ገና ሲነበብ ያስታውቃል። ትዳር አለዎት ወይ፣ ስንት ልጅ ያሳድጋሉ፣ ደመወዝዎ ስንት ነው፣ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ምን ያህል ያወጣሉ ይላል። ጊዜ እንዲሰጠው የሚለምን ሰው ጓዳውን ከፍቶ ያሳያል። ከኩባንያ የሚፈለገው የሀብትና የዕዳ ዝርዝር ነው። ጓዳ የለውማ።

ነፍስም የለውም። እንግሊዛዊው ዳኛ ኤድዋርድ ኮክ እ.ኤ.አ. በ1612 በሰተን ሆስፒታል ጉዳይ፣ እንዲህ ያለ የሕግ አካል ነፍስ ስለሌለው ሊወገዝ እንደማይችል ጽፈዋል። ውግዘት የማይነካው አካል የእምነት ቃሉ ምን ያህል ይታመናል?

በግማሽ ስላመነ ባለዕዳ ከኮክ አንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት ገደማ ቀድመው የተጨነቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የተሰበሰበው የአይሁድ ሕግ፣ ሚሽና፣ ከፊሉን ያመነ ተከሳሽ በቀረው ላይ ይምላል ይላል። ሁሉን የካደ ግን በኦሪት ሕግ መሐላ የለበትም። ጆሮ አይቀበለውም፤ ትንሽ ያመነ ለምን ይጠረጠራል? የባቢሎኑ መምህር ረባህ የሰጡት ማብራሪያ ሰውን በርኅራኄ ያየ ነው። ሰው በችግሩ ያበደረውን ባለውለታ ፊት ለፊት እያየ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሁሉን አይክድም። እንዲያውም ሁሉን ቢያምን ይወዳል፤ ግን እጁ ባዶ ነው። ገንዘብ እስካገኝ ብሎ ለጊዜው ከፊሉን ይሸሻል። መሐላው ይህን ሸሽቶ የቆመ ሰው ወደ እውነቱ መመለሻ ነው።

የረባህ ሐሳብ እንግዲህ የቆመው በሰው ፊት ላይ ነው። ኩባንያ ፊት የለውም። አቅራቢው የሚያውቀው ደረሰኝና የኢሜይል አድራሻ ነው። ዱቄቱን ያዘዘው ሠራተኛ ሥራ ለቆ ይሆናል፤ መልሱን የሚጽፈው ጠበቃም ከሳሹን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። የሚያፍር በሌለበት ቦታ ግማሽ እምነት ከስሌት ሊመጣ ይችላል፤ «3,000ውን ተውልኝና 5,000ውን ነገ እልክልሃለሁ» የሚል መደራደሪያ ይሆናል። ያመኑትን ገንዘብ ላልተማመኑበት ማስያዣ ማድረግ በአማርኛው ሚዛን ክህደት ነው፤ ቅጹ ላይ ግን እንደ እምነት ይጻፋል።

ለዚህም የአይሁድ ሕግ ሊቃውንት ቃል ነበራቸው። ከፊሉን ሲያምን «ሄላክ»፣ እነሆ ያንተው ነው፣ ብሎ ያመነውን የሚያቀርብ ባለዕዳ ከመሐላው ነፃ ነው የሚለው አስተያየት ከክርክር በኋላ ጸንቷል። ያ ገንዘብ በባለቤቱ እጅ እንደገባ ይቆጠራልና ክርክሩ በቀረው ላይ ብቻ ይሆናል።

የእንግሊዝ ሥነ ሥርዓት በበኩሉ መልሱ ግርጌ ላይ የእውነት ማረጋገጫ አስቀምጧል። ቃሉ የሚገርም ነው፤ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን ተከሳሹ፣ ማለትም ኩባንያው፣ «ያምናል» ይላል። ከሥሩ ግን ሥራ አስኪያጅ ወይም ሌላ ኃላፊ ስሙንና ሹመቱን ጽፎ ይፈርማል። እውነት ነው ብሎ ሳያምን የሐሰት ቃል የሰጠ ሰው ፍርድ ቤትን በመድፈር ሊጠየቅና እስከ እስር ሊደርስ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ማስጠንቀቂያው እዚያው ማረጋገጫው ውስጥ ተጽፏል። ኩባንያው ያጣው ፊት የሚገኘው እዚህ መስመር ላይ ነው።

የእንጀራው ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ፣ ቀኑ ሳያልፍ፣ 5,000ውን ለአቅራቢው ትልካለች። ከዚያ ስለ ቀሪው 3,000 ትጽፋለች፤ ዱቄቱ የገባበትን ቀን፣ የረጠበውን ጆንያ ቁጥር፣ ለአቅራቢው የደወለችበትን ሰዓት። ሁለት ጆንያ ደርቆ ለሥራ መዋሉን ስታስታውስ የእነሱን ዋጋ ከካደችው ላይ ቀንሳ ካመነችው ጋር ትደምረዋለች፤ ገንዘቡንም ጨምራ ትልካለች። ከዚያ ኩባንያው ያምናል ከሚለው መስመር ሥር የራሷን ስም ትጽፋለች።