ጥቂት ልጅ፣ ሁለት ምክንያት

ስለ ሕዝብ ብዛታችን በተነሣ ቁጥር ሙግቱ ሁለት ጎራ ይይዛል። አንዱ «የደኸየነው ስለበዛን ነው» ይላል፤ ሌላው «ሀብቱ ይምጣ እንጂ ወሊዱ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል» ይላል። ሕንዳዊው ሚኒስትር ካራን ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1974 ቡካሬስት ላይ ከወሊድ መከላከያ ሁሉ የሚበልጠው ልማት ነው ካሉ ወዲህ ሁለተኛው ወገን አፉ ተፈቷል። የእኔም ልብ ወደዚያው ያደላል። ሆኖም «ሀብቱ ይምጣ» የምትለዋ ትቆረቁረኛለች።

ጤና ሀብትን ቁጭ ብሎ እንደማይጠብቅ እኛው ምስክር ነን። እ.ኤ.አ. በ2000 በአገራችን በተደረገ ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 67 ደረሰ። በመካከሉ ባለጸጋ አልሆንንም። ክትባቱና አጎበሩ ገጠር ደረሰ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞሩ። ኢኳቶሪያል ጊኒ በአንጻሩ በነዳጅ ከበረች፤ ሕፃናቷ ግን የሀብቱን ያህል አልዳኑም። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን ገበሬ አላዋቂ ማለት ይቀለናል። ከስድስት ልጅ አንዱ በሚቀበርበት አገር ግን ብዙ መውለድ ስሌት ነው። ሞቱ ሲቀንስ ስሌቱም ይለወጣል።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ትሞግተኛለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ጥናት የከተማዋ አማካይ ወሊድ በአንዲት ሴት 1.4 ነበር፤ የዚያን ዘመኗ ስዊድን እንኳ ከዚህ በላይ ትወልድ ነበር። የምን ብልጽግና ነው ይህ? ጉዳዩን የመረመሩ ተመራማሪዎች ያገኙት ሥራ አጥነትን፣ የቤት እጦትንና የዘገየ ትዳርን ነው። ስለዚህ በፈቃድ ያነሰ ወሊድ ሌላ፣ በችግር ያነሰ ወሊድ ሌላ ነው ልል ከጀልኩ።

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በሀብታሟ ደቡብ ኮሪያም እ.ኤ.አ. በ2023 አማካይ ወሊዱ ወደ 0.72 ወርዷል፤ እዚያም የቤት ዋጋ በምክንያትነት ይነሣል። «ቤት ሳይኖረኝ አልወልድም» የምትል የአዲስ አበባ ሴትስ አልመረጠችም ልንላት ነው? መርጣለች፤ አስባ፣ አመዛዝና። ድሃ ስለሆነች ውሳኔዋን የችግር ውጤት፣ የባለጸጋዋን ደግሞ ነፃ ፈቃድ ማለት ንቀት ይሆንብኛል። ፈቃድና ችግር በአንድ ውሳኔ ውስጥ አብረው ያድራሉ፤ ድንበራቸውን ከውጭ ሆኖ ማስመር አልቻልኩም። የቀረኝ ጠባብ ነገር ነው። የሕፃናት ሞት ሲቀንስ ምክንያቱን ሳንጠይቅ ደስ ሊለን ይገባል። ወሊድ ሲቀንስ ግን ቁጥሩ ብቻውን ደስታም ሐዘንም አይነግረንም፤ ሴቲቱ ስንት ልጅ ትፈልግ እንደነበር መጠየቅ ግድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የሕዝብ ፖሊሲያችን በ2015 አማካዩን ወሊድ ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ ግብ ጥሎ ነበር። በ2016 ጥናት የአገሪቱ አማካይ 4.6፣ የሶማሌ ክልል 7.2፣ የአዲስ አበባ 1.8 ሆኖ ተገኘ። ቀጣዩን ግብ የምትጽፉ ሰዎች፣ ከቁጥሩ ጎን የሴቶቹን ፍላጎት አስፍሩልን።