ኮከብ በደልን አይሸከምም

አንባቢ ሆይ፥ ሰው ክፉ ሠርቶ ሲወቀስ «ምን ላድርግ፥ ኮከቤ ነው» ሲል ሰምተህ ይሆናል። ይህ አሳብ ከወዴት እንደ መጣ፥ ወዴትም እንደሚያደርስ ጥቂት እንመርምር።

በኤፍራጥስ ወንዝ አጠገብ የነበሩ የባቢሎን ጠቢባን ሌሊት ሌሊት ሰማይን እየተመለከቱ ያዩትን በጭቃ ጽላት ይጽፉ ነበር። ጨረቃ በየወሩ የምታልፍባቸውን የከዋክብት ምድብ አስቀድመው 17 ያህል አድርገው ቈጠሩ። ኋላም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የፀሐይን መንገድ በ12 ክፍል ከፈሉት፤ እያንዳንዱም ክፍል 30 ዲግሪ ነበረ። ይህ ትምህርት ወደ ግሪኮች፥ ከዚያም ወደ ዓረቦች አለፈ። በአገራችን ኮከብ ቈጣሪዎች ዘንድ የሚነገሩት ሐመል፥ ሰውር፥ ገውዝ የሚባሉት ስሞችም ከዓረብኛ የመጡ ናቸው።

ዘመንን ለመለየት ሰማይን መቍጠር መልካም ነው፤ ስለዚህ ማንም አይነቅፋቸውም። ነገር ግን በሰማይ የሚታየውን ሁሉ የአማልክት ፍርድ ነው ብለው ስላመኑ ፍርሃት ሠለጠነባቸው። 12ቱ ክፍል ገና ሳይወሰን፥ ባቢሎንን ይገዛ የነበረው የአሦር ንጉሥ አስራዶን፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ681 እስከ 669 የነገሠው፥ እነዚህን ጠቢባን ይሰማ ነበር። ጨረቃ ጨልማ «ለንጉሥ የሞት ምልክት ነው» ባሉት ጊዜ ሌላ ሰው የንጉሥ ልብስ ለብሶ በዙፋኑ ይቀመጥ ነበር። እውነተኛው ንጉሥ ግን ተሰውሮ «ገበሬው» እየተባለ ይጠራ ነበር። ቀኑም በደረሰ ጊዜ፥ ምልክቱ በእርሱ እንዲፈጸም፥ ያን ምስኪን ገድለው እንደ ንጉሥ በክብር ይቀብሩት ነበር።

ወዳጄ ሆይ፥ እስቲ ፍረድ። ያን ሰው ኮከብ ገደለውን? ጨረቃ የጨለመችው የምድር ጥላ ስለ ጋረዳት ነው። የገደለው ሰው ነው፤ ደሙን ግን በሰማይ አሳበበ።

እኛስ ከዚህ ርቀናልን? ባል ሚስቱን መትቶ «ኮከቤ ቍጡ ነው» ይላል፤ ቍስሉ ግን በእርስዋ ገላ ላይ ነው። አባትም «ኮከባቸው አልገጠመም» ብሎ የሚዋደዱትን ይለያያል፤ የሚያለቅሱት ግን ልጆቹ ናቸው። በደሉን በኮከብ ላይ የሚጥል ሰው ባለበት ሁሉ ዕዳውን የሚከፍል ሌላ ሰው አለ።

እግዚአብሔር ብርሃናትን ለዕለታትና ለዘመናት ምልክት ሰጠን፤ የበደላችን ተሸካሚ አድርጎ ግን አልሰጠንም። እንግዲህ ዛሬ ማታ ከዋክብትን ስታይ ፈጣሪህን አመስግን፤ ወደ ቤትህም ገብተህ የበደልኸውን ሰው «እኔ ነኝ የበደልሁህ» በለው።