ለእንግዳ ወፍ የሚሰፈር በቆሎ



በሐኑካ የትምህርት ቤት ዕረፍት ቤተሰቦቻችንን ይዘን ለአንድ ቀን የት እንጓዝ በሚለው ጉዳይ ላይ ስንወያይ፣ ወደ ሰሜን ሄደን በሑላ ሸለቆ ረግረግ የሚከርሙትን አእዋፍ ብናይ ይሻላል የሚለው ሐሳብ ብዙ ድጋፍ አግኝቷል። ነገር ግን ከአባቶች አንዱ ያነሡት ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ስላደረ በዚህ ዕትም ልናነሣው ወደድን። ጥያቄያቸው ይህ ነበር፦ «እኛ በአገራችን ወፍን ከማሳ ላይ በወንጭፍ ስናባርር ነው ያደግነው። አሁን ገንዘብ ከፍለን፣ ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዘን፣ ሰው በቆሎ የሚያበላውን ወፍ ቆመን እንድናይ የምትፈልጉት ለምንድን ነው?»

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቹ በልጅነታቸው ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥተው፣ ጅራፍ እያጮሁና ወንጭፍ እየወነጨፉ ከንጋት እስከ ምሽት ወፍ የጠበቁ ናቸው። አንድ ቀን የተዘናጋ ልጅ ማታ እቤቱ ምን እንደሚጠብቀው ያውቀው ነበር፤ ወፍ የበላው እህል የክረምት ራት ነውና። ዛሬ ግን ልጆቻችን በትምህርት ቤት ወፍን መንካት ነውር እንደ ሆነ፣ ተፈጥሮን መውደድ የሥልጡን ሰው ምልክት እንደ ሆነ ተምረው ይመጣሉ። አባት የወንጭፉን ነገር ሲያጫውታቸው አንዳንዶቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። እንግዲህ ጉዞው የአባትን ዕውቀት በልጁ ፊት የሚያሳንስ ከሆነ ባንሄድ ይሻላል። ጉዳዩን ከሥሩ ብናየው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን።

የሑላን ታሪክ ባጭሩ እንናገር። በሸለቆው ውስጥ ሐይቅና ሰፊ ረግረግ ነበረ። በረግረጉ ዳር የሚኖሩ ዐረቦች ደንገል እያጨዱ ምንጣፍ ይሠሩ፣ የውሃ ጎሽም ያረቡ ነበር፤ ከ1948ቱ ጦርነት በኋላ አብዛኞቹ በዚያ አልቀሩም። ከ1951 እስከ 1958 ድረስ ቀረን ካየመት ቦዮችን ቆፍሮ ውሃውን አፈሰሰው። ምክንያቱ ክፉ አልነበረም። ወባን ማራቅና ለገበሬ መሬት ማግኘት ተፈልጎ ነው፤ በቆላ ያለፈ፣ ወባ ልጁን ወይም ወንድሙን የወሰደችበት ሰው ይህን ምክንያት አይንቀውም። ሆኖም ሲደርቅ የተገኘው አፈር ከተጠበቀው በታች ሆነ። ከበሰበሰ ዕፅ የተሠራው ጥቁር አፈር ሲደርቅ ከውስጥ እየተቃጠለ ሰመጠ፣ ነፋስ አቧራ አድርጎ አነሣው፣ ከውስጡ የሚታጠበው ንጥረ ነገርም ወደ ኪነሬት ሐይቅ መውረድ ጀመረ። ገና ከጅምሩ የተቃወሙ ሊቃውንት ነበሩና ከረግረጉ ጥቂቱ ሳይደርቅ ተጠብቆ በ1964 የአገሪቱ የመጀመሪያ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ተባለ። በ1994 ደግሞ ከደረቀው መሬት አንድ ክፍል ተመልሶ ውሃ እንዲተኛበት ተደረገ፤ ይህም አጋሞን ይባላል። በዓለም ላይ ከሑላ በቀር የትም የማትገኝ፣ ሆዷ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት እንቁራሪት በ1996 ፈጽሞ ጠፍታለች ተብሎ ከተመዘገበ በኋላ በ2011 እዚያው ተገኘች።

አሁን ወደ ወፉ እንምጣ። በዕብራይስጥ አጉር ይባላል፤ ግራጫ ላባ ያለው፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ፣ ድምፁ ከሩቅ እንደ መለከት የሚሰማ ወፍ ነው። ሽመላ ከምንላቸው ጋር በቁመት ቢመሳሰልም ወገኑ ሌላ ስለ ሆነ ለጊዜው በዕብራይስጡ ስም እንጠራዋለን። (እዚሁ በኢትዮጵያ ጎዳና ይኖር የነበረው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ለዕብራይስጥ ቃል ሲፈልግ ዕድሜውን ፈጅቷል። እኛም ከሽማግሌዎቻችን ጠይቀን የአማርኛውን ስም ብናወጣ ከልጆቻችን ጋር የምንሠራው ጥሩ ሥራ ይሆናል።) አጉሮች በሰሜን፣ በፊንላንድ፣ በባልቲክ አገሮችና በሩስያ ፈልፍለው በመከር ወደ ደቡብ ይጓዛሉ። በሑላ ያርፉና ብዙዎቹ ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። የሚቀጥሉት ወዴት ነው? ወደ ኢትዮጵያ! ጣና ዙሪያ ባሉት ረግረጎችና በታጨዱት ማሳዎች ላይ በጋውን ያሳልፋሉ። በዚያ አካባቢ ያደገ ሰው በጥርና በየካቲት በቃርሚያ ማሳ ላይ ሲለቅሙ አይቷቸው ይሆናል። በሑላ የሚያገኘው ወፍ እንግዲህ የቀድሞ ጎረቤቱ ነው ማለት ነው።

በሑላም ቢሆን አጉሮቹ መጀመሪያ የሚያርፉት ቃርሚያ ለመልቀም፣ ከለውዝ ማሳ ላይ የቀረውን ለመብላት ነበር። ቁጥራቸው እየበዛ ሲሄድ ግን አዲስ የተዘራውን ስንዴና ሽምብራ መንቀል ጀመሩ። ገበሬው ምን ያድርግ? ማባረር ጀመረ፤ ከአንዱ ማሳ ሲባረሩ ከሌላው ያርፋሉ። በመጨረሻ የተገኘው ዘዴ አንድ ማሳ ለእነርሱ ተለይቶ በየቀኑ በትራክተር በቆሎ እንዲበተንላቸው ነው፤ ወጪውንም ገበሬዎቹ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ተካፈሉት። ጎብኚዎች ዛሬ በትራክተር በሚጎተት ጋሪ ተቀምጠው በወፎቹ መካከል የሚያልፉት በዚህ ምክንያት ነው፤ አጉር ትራክተርን የሚያውቀው በቆሎ አምጪ አድርጎ ስለ ሆነ አይሸሽም። ስለዚህ የአባታችን ወንጭፍና የሑላው ገበሬ በቆሎ የአንድ ችግር ሁለት መልሶች ናቸው። በጋሪው ላይ ከሚቀመጡት ሁሉ ወፍ በማሳ ላይ ምን እንደሚያደርስ በእጁና በእግሩ የሚያውቀው ማን ነው? ልዩነቱ የጎንደሩን ማሽላ ወፍ ሲበላው ወጪውን የሚካፈል ማንም አለመኖሩ ብቻ ነው። ወፍን የወደደ ከተሜ ደግ፣ ወፍን ያባረረ ገበሬ ጨካኝ ነው የሚል ትምህርት በዚህ ምክንያት አይዋጥልንም። የመውደዱ ሒሳብ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ ሳይጠየቅ ስለ ደግነት መናገር አይቻልም።

የከበደው ጥያቄ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በቆሎው ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ?

በእኛ አስተያየት ዕዳ ነው። ረግረጉን ያደረቀው ሰው ነው፤ የወፉን ማረፊያና ገበታ ወስዶ ስንዴ ዘራበት። ገበታው የተወሰደበት እንግዳ ሲራብ የሚሰጠው ምግብ ቸርነት ተብሎ ሊቆጠር አይገባም። የዕዳ ሁኔታ ግን ልክ አለው። ከልኩ ሲያልፍ ሌላ ነገር ይሆናል። በቆሎው ሳይቋረጥ ሲበተን ወደ ኢትዮጵያ ይሻገሩ ከነበሩት ብዙዎቹ እዚያው መክረም መረጡ፤ ቀድሞ ጥቂት የነበሩት ከራሚዎች በዐሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሆኑ። ለጎብኚው ደስ ይላል፤ ለወፉ ግን ሁሉም በአንድ ስፍራ ተፋፍገው ማደር ማለት ነው። በ2021 ክረምት የወፍ ጉንፋን በገባ ጊዜ ከ5,000 በላይ አጉሮች በሑላ ሞቱ፤ መመገቡ ይገባል አይገባም የሚለው ክርክርም በረታ። መንገደኞቹ ጉዟቸውን እንዲቀጥሉ ምግቡን በመከር ሳይሆን ዘግይቶ መጀመር ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ነው። ይህን መንገድ የምንደግፈው፣ እንግዳ የሚከበረው በሚበላው ብዛት ሳይሆን ሲበቃው ተነሥቶ መሄድ በመቻሉም ጭምር ነው ብለን ስለምናምን ነው። ቃርሚያ ይህ መልካምነት ነበረው፤ ባለማሳው የተወውን ለቃሚው በገዛ ጉልበቱ ይሰበስባል፣ ማንንም ሳያመሰግን ይሄዳል።

ይህን ስንጽፍ ከመርካዝ ክሊታ ያልወጡት ቤተሰቦች በሐሳባችን አሉ። በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ አዳራሽ የሚሰፈር ምግብ የበላ ሰው የምንለውን ያውቃል። ምግቡ ጥሩ ነበር፤ ያለ እርሱ የመጀመሪያዎቹ ወራት ባልተገፉም ነበር። ግን ሴቶች ምድጃ የሚፈቀድላቸው መቼ እንደ ሆነ ደጋግመው ይጠይቁ ነበር። ሰው ወፍ ስላይደለ ምሳሌውን ከዚህ በላይ አንጎትተውም።

ሄዶ ማየቱስ ራሱ ጥፋት አይሆንም ወይ የሚሉም አሉ። ኦሪት ከጎጆዋ ላይ የተቀመጠችን እናት ወፍ ከጫጩቶቿ ጋር አትውሰድ ስትል እንቁላሉን ፈጽሞ አትንካ አላለችም፤ ለአወሳሰዱ ወሰን አበጀችለት። እኛም የምንወስደው ነገር አለ፣ እርሱም ማየት ነው። ወሰኑም ድምፅን መቀነስ፣ ከመንገድ አለመውጣት፣ ከያዝነው ምንም አለመወርወር ነው። በጥብቅ ቦታው ካለው ድልድይ ላይ ትልልቅ አምባዛ ከታች ሲዋኝ ይታያል፤ ልጆች ቁራሽ ዳቦ ሊጥሉለት መፈለጋቸው አይቀርምና ወላጆች አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እዚያው ያለውን ደንገልም አሳዩአቸው። ታንኳ የሚሠራበት ያው ደንገል ነው፤ በእጅ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ካለ በአውቶቡሱ ውስጥ ድምፅ ማጉያው ለእርሱ ነው።

ስለ ጉዞው አስፈላጊው ነገር የሚከተለው ነው። አጉሮች በብዛት የሚታዩት ጎሕ ሲቀድ ሲነሡና ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ውሃው ሲመለሱ ነው። ለንጋቱ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ መነሣት ስለሚያስፈልግ ሕፃናት ላሏቸው አይመችም፤ የማታውን መርጠናል። ዓርብ ከሆነ ሰንበት ስለሚገባብን ቀኑ ከሳምንቱ መካከል ይሆናል። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በዚህ አገር ሰዓት 16:30 ገደማ ነውና ከኢየሩሳሌም በ10:00 እንነሣለን፤ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 4 ሰዓት ነው፣ እባካችሁ አትደባልቁት። የምንገናኘው ኢትዮጵያ ጎዳና ከነቢያት ጎዳና ጋር በሚጋጠምበት ነው፤ ጎዳናው ጠባብ ስለ ሆነ አውቶቡሱ ወደ ውስጥ አይገባም። በሰሜን ያለው የጸጥታ ሁኔታና ቦታው ክፍት መሆኑ ከዋዜማው ይጣራል። ሸለቆው ሲመሽ ስለሚበርድ ጋቢ ያለው ጋቢ ይያዝ። ሦስት ሰዓት መቀመጥ ለማይችሉ አረጋውያን እዚሁ በክነሴት አጠገብ በ1994 የተከፈተው የወፎች መመልከቻ አለ፤ ከእነርሱ ጋር በሌላ ቀን እንሄዳለን። ጥያቄውን ያነሡት አባት ግን ወደ ሑላ እንደሚሄዱ ነግረውናል፤ የፊተኛው ወንበር ተይዞላቸዋል።